ጥሩንባ ሲነፋ ወዴት ትሄዳላችሁ?

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለልጄ ለእመቤት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ አምላክ ይመስገን። አባትሽ እንግዳው፣ እናትሽ፣ ገብሱም ፈረሱም የዘንገና ጭጋግም ሳይቀር ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እንግዳው የአጎቴ ልጅ ቢሆንም አንድ ጡት የጠባን ያህል ነን፤ አንቺም ለእኔ የወንድም ልጅ ነሽ። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ድምፃችሁን ስላልሰማሁ እንደ ድሮ ሰው ብዕር አንሥቻለሁ። ይህን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ባልደረባዬ ይዞ ለአውቶቡሱ ሹፌር ለውቤ ይሰጠዋል፤ ውቤ ደግሞ እንጅባራ ያደርስልሻል።

መሥሪያ ቤታችን ጎርፍ ለሚያሰጋቸው ቀበሌዎች የማስጠንቀቂያ ዕቅድ ያወጣል። ዘንድሮ የእኛ ቀበሌ እንዲገባ ተሟግቼ አስወስኛለሁ። ከበላያችሁ ያለው ተረተር ግራሩ በበሽታ ደርቆ ለከሰል ከተቆረጠ ወዲህ ራቁቱን እንደቀረ ሰምቻለሁ። ዕቅዱን ግን ትልልቅ ሰዎች ብቻቸውን እንዳይጽፉት ብያለሁ። አንቺ የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ ነሽ። ከጓደኞችሽ ጋር ቤት ለቤት ዙሩና ውሃው በየት እንደሚመጣ፣ ሰው በየት እንደሚሸሽ፣ በምን ድምፅ እንደሚጠራ ጻፉልኝ። እኔ ከአገር ከወጣሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የጻፋችሁትን አንዲት ቃል አልነካም፤ በአባቴ አጥንት።

አጎትሽ ይሄነው


ዘንገና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ይሄነው፤

ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የሰው አገር ኑሮዎ እንደምን ይዞዎታል? እኛ እንደ ሰማይ ከዋክብት ለበዛው ቸርነቱ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። አባቴ «ይሄነው ዛሬም ሲጽፍ ፊደሉን ያንጋድዳል?» ብሎ ይስቃል። ሽበት አውጥተው ከሆነ ፎቶግራፍ ይላኩልን፤ እናቴ አላምንም ብላለች።

ያዘዙንን ሠርተናል። ሠላሳ ሁለት ልጆች አርባ ሦስት ቤት አዳረስን። አማርኛ የማይሰሙትን እናቶች በአገውኛ ጠይቀን በአማርኛ ጻፍን። የክበባችን ኃላፊ መምህርት ምሕረት ፊደላችንን አረመችልን፤ ሐሳባችንን ግን አልነካችም። አንድ ውሻ የአንዱን ሱሪ ከመቅደዱ በቀር ጉዳት የለም።

ጋሼ፣ ሌላውን ባያነቡት ሰባተኛውን ገጽ ያንብቡት። የቀበሌው ሊቀመንበር «ማስጠንቀቂያው የዕድሩ ጥሩንባ ይሁን፤ የማያውቀው ሰው የለም» ብለው ነበር። እኛም እሺ ብለን ነበር። ከዚያ ጓደኛዬ ቤዛዊት «እስቲ ጥሩንባ ሲነፋ ወዴት ትሄዳላችሁ ብለን እንጠይቅ» አለች። አርባ አንዱ ቤት «ወደ ዕድሩ ዳኛ ደጅ» ብሎ መለሰ። ዳኛው ታላቅ ወንድምዎ ጋሽ ክንዴ ናቸው፤ ደጃቸው ደግሞ የጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር ነው። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ከቀሩት ሁለት ቤቶች አንዱ ዕድር የለኝም አለ፤ ሌላው የጋሽ ክንዴ የራሳቸው ነው፤ «እኔማ እዚሁ ነኝ፣ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉን።

ስለዚህ ጥሩንባ አይሁን። ጥሩንባ የሞት ነው፤ ሰውን ወደ ታች ይጠራል። እኛ የመረጥነው እንደ ደወል የምንመታውን የትምህርት ቤታችንን የመኪና ቸርኬ ነው። እሱን የሰማ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወደ ላይ መውጣትን ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል። መሄድ ለማይችሉት ደግሞ ልጅ መድበናል፤ ለአንድ ሽማግሌ ወይም ለአንድ ሕፃን አንድ ልጅ። ዝርዝሩ እዚያው ሰባተኛው ገጽ ላይ አለ። መብራት ስላልነበረ ፎቶ ኮፒ አላስነሣንም፤ ያለን ይኸው ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ማኅተም አለበት፤ ሁላችንም ፈርመናል።

አደራዎን።

አክባሪ ልጅዎ እመቤት እንግዳው


ናይሮቢ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእመቤት፤

ሰላምሽ ይብዛ። የላክሽው ደርሶኛል። አለቆቼ አይተው ተደንቀዋል፤ እንዲህ ያለ የልጆች ተሳትፎ አይተን አናውቅም ብለዋል። በአንቺ ኮራሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። የፈረማችሁበትን ወረቀት መንገድ ላይ ዝናብ ነክቶታል። ሠላሳ ሁለታችሁም በንጹሕ ወረቀት ላይ እንደገና ፈርማችሁ ላኩልኝ። ከታች ብቻ ፈርሙ፤ ከላይ ያለውን እኔ እሞላዋለሁ። ቶሎ ይሁን፤ የጊዜ ገደብ አለብን። አንድ ላይ ሆናችሁ የተነሣችሁትን ፎቶግራፍም አትርሺ።

ለጋሽ ክንዴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አጎትሽ ይሄነው


ዘንገና፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ይሄነው፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ስለ ሰባተኛው ገጽ የጻፉትን ፈለግሁ፤ ወረቀቱን ገልብጬም አየሁ። ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ቸርኬው እሺ ተባለ ወይ?

ፊርማውን ልኬልዎታለሁ። ሳይጨቀጭቁን ግን አልቀሩም። የቤዛዊት እናት እንቁ ፊደል የቆጠረች አይደለችም፤ «ባዶ ወረቀት ላይ ይፈረማል እንዴ? እኔ ባልቆጥርም ይኽን አውቃለሁ» ብላ ልጇን ልትከለክላት ነበር። እኔ ነኝ ያግባባኋት። «ጋሼ ይሄነው ሥጋችን ነው፤ በአባቱ አጥንት ምሏል» አልኳት። እሷም «እንግዲያው አንቺን አምኜ ነው» አለች። ቤዛዊት ሦስተኛው መስመር ላይ ፈርማለች።

ጋሽ ክንዴን ሰላም ብዬልዎታለሁ። ስለ ሥራችን የሆነ ሰው ሹክ ብሏቸው ኖሮ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ስለ ቸርኬው አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ እመቤት እንግዳው


ዘንገና፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ይሄነው፤

እንደምን አሉ? ለመጋቢቱ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። ውቤን በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ አሁንስ ገና ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

ትናንት ከመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች መጥተው ነበር። ቢጫ ካናቴራ አደሉን፤ ከፊት ለፊቱ «ድምፃችን ይሰማ» ይላል። ፎቶግራፍ አነሡን። ከዚያ ለጥሩንባ ነፊው ለጋሽ ወገኔ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጥሩንባ ሰጥተው «የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ይኸ ነው» አሏቸው። እጄን ባወጣ «ጊዜ የለንም፤ ዕቅዱ ውስጥ አለላችሁ» አሉኝ።

የታተመውን ዕቅድ መምህርት ምሕረት ጋ አየሁት። ሰባተኛው ገጽ ላይ «ልጆቹ በአንድ ድምፅ የዕድሩን ጥሩንባ መርጠዋል» ይላል። ቸርኬው የለም። የመደብናቸው ልጆች የሉም። ከሥሩ ግን ሠላሳ ሁለታችንም አለን።

ቤዛዊት ስታየው ደነገጠች። እኔ የጽሕፈት ስህተት ነው፤ ጋሼ ያርመዋል ብዬ ማልኩላት። ቤት ለቤት ዞረን ለሰው ለመናገር ሞከርን፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ትታችሁ ስሙን ብንል ማን ይሰማናል? ርእሰ መምህሩም «ሁለት ምልክት ሰው ያደናግራል» ብለው ቸርኬውን ዕቃ ቤት አስቆልፈውበታል።

ሐምሌ ሳይገባ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ልጅዎ እመቤት እንግዳው


ዘንገና፣ ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ይሄነው፤

መርዶ ነው የምጽፍልዎ፤ ተቀምጠው ያንብቡት።

ሐምሌ 21 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ በተረተሩ ላይ ወረደ። ጋሽ ወገኔ ከላይ ሆነው ውሃው ሲነሣ አዩ፤ እንደታዘዙትም ነፉ። «ወደ ላይ! ወደ ላይ!» እያሉም ጮኸዋል። ጥሩንባው ተሰማ፤ ቃሉን ግን ዝናቡ በላው። ሰው በሰኔ የተነገረውን በሐምሌ ረስቶታል፤ ጥሩንባን ግን ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል። ማን ሞተ እየተባባለ ወደ ጋሽ ክንዴ ደጅ ወረደ።

ቸርኬው ተቆልፎበት ነበር። እኛ ግን ሰባተኛውን ገጽ በቃላችን እናውቀው ስለነበር እያንዳንዳችን የተመደብንለትን ሰው ፍለጋ ሮጥን። እኔ የጎረቤታችንን ሕፃን አዝዬ ወጣሁ። ቤዛዊት ዓይነ ስውሩን አባባ ሸጋን እየመራች ስትወጣ መንገድ ላይ ከእናቷ ጋር ተገናኙ። እንቁ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ እየወረደች ነበር። በአገውኛ የተባባሉትን ቤዛዊት እንደነገረችኝ በአማርኛ ልጻፍልዎ።

«ማን ሞተ?» አለቻት።

«ማንም አልሞተም፤ ጎርፍ ነው። እናቴ፣ ተመለሺ።»

«ጥሩንባ ተነፍቶማ እንዴት እቀራለሁ? እኔ የሰው ለቅሶ ከቀረሁ ነገ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

ቤዛዊት አንድ እጇ አባባ ሸጋን ይዟል። በሌላው የእናቷን ነጠላ ያዘች፤ እንቁ አስለቅቃት ሄደች።

የጋሽ ክንዴን አጥርና ግማሽ ቤት ውሃው ወሰደው። የተሰበሰበው ሰው ዛፍም ጣሪያም ላይ እየወጣ ተረፈ፤ የተሰበረም አለ። የሞተችው እንቁ ብቻ ናት። በማግስቱ ከድንጋይ መሐል ስናገኛት ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነበር። ለራሷ ለቅሶ ለብሳ ሄዳለች።

ጋሽ ወገኔ ከእንግዲህ ጥሩንባ ከአፌ አይደርስም ብለው ሳይነፉላት ቀሩ። ሰው ለቀብሯ ቤት ለቤት ተጠራ። የጠራነውም እኛው ነን፤ ያንኑ አርባ ሦስት ቤት።

አሁን አገሩ «ልጆቹ የፈረሙበት ጥሩንባ ነው» ይላል። ቤዛዊት ሦስተኛው መስመር ላይ ያለውን ስሟን ስታስብ እህል አልወርድላት ብሏል።

እመቤት


ናይሮቢ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእመቤት፤

ነፍስ ይማር። ለቤዛዊት እግዚአብሔር ያጽናሽ በዪልኝ። የእንቁ ሞት አጥንቴ ድረስ ተሰምቶኛል፤ ሳልተኛ የከረምኩበትን ቀን አልቆጥርልሽም። የሰኔው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከስብሰባ ስመለስ ነው፤ በዚያ ስብሰባ ላይ የእናንተን ፎቶግራፍ አሳይቼ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨብጭቦ ነበር።

ጎርፍ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ማንም ማንንም መውቀስ የለበትም። ዕቅድ ሲታተም ብዙ እጅ ያልፋል፤ የሚቀነስም የሚጨመርም አለ። ለተዝካሯ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በውቤ እጅ ልኬያለሁ። ለአንቺም ስልክ ገዝቻለሁ፤ ኔትወርክ ሲመለስ እንነጋገራለን።

ትምህርትሽን በርቺ። ያለፈውን አትቆስቁሺው።

አጎትሽ ይሄነው


ዘንገና፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ይሄነው፤

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ገንዘቡንም ስልኩንም በውቤ እጅ መልሻለሁ። የእንቁን ተዝካር አገር ያወጣዋል፤ እኔም ስልክ አልጠየቅሁዎትም።

የጠየቅሁት አንድ ገጽ ነው። ማኅተም ያለበት፣ በእጃችን የጻፍነው ሰባተኛው ገጽ። ክበባችን ተዘግቷል። አባቶች ልጆቻቸውን ከእኔ ጋር እንዳይሄዱ ከልክለዋል። ቤዛዊት ትምህርት አልጀመረችም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዕቅዱ ዛሬም ያው መሆኑ ነው፤ ለመጪው ክረምትም የሚጠብቀን ጥሩንባ ነው። እኛ ያልነው ሌላ ነበር ብንል «ሰው ከሞተ በኋላ የተጻፈ ነው» ይሉናል። ያ ገጽ ከሌለ የሚያምነን የለም።

«ብዙ እጅ ያልፋል» ብለዋል። የማን እጅ ነው? እኔ ለቤዛዊት የጽሕፈት ስህተት ነው ብዬ ምያለሁ። እንቁንም በእርስዎ ስም ያሳመንኳት እኔ ነኝ። መሐላዬ ውሸት ከሆነ ልወቀው።

እመቤት እንግዳው


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

እመቤት፤

ይህ ለአንቺ ብቻ ነው። አንብበሽ እሳት ውስጥ ክተቺው።

እጁ የእኔ ነው። ወረቀቱን ዝናብ አልነካውም። ገጻችሁን ያነበብኩለት ጋሽ ክንዴ ራሱ ነው፤ በጥር ለበዓሉ እንጅባራ በወጣ ጊዜ በሆቴል መደበኛ ስልክ አግኝቼው እንዲደሰት ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ «ልጆች ደጄን ውሃ ይበላዋል፣ አትርገጡት ብለው ጻፉ? አንተስ ለፈረንጅ ልታነብበው ነው?» አለኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምር ስልኩን ዘጋው።

የማታውቂውን ልንገርሽ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ክንዴ ፈረሱን ሸጧል። በጥር ሃያ ሦስት ለጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ በሰልፍ ሲያልፍ እሱ በእግሩ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ቆሞ አይቷል። ለአገው ሰው ያ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያን ሰው ስሙን አላጎድፍም አልኩ። ጎርፍ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ጊዜውም አጭር ነበር፤ አለቆቼም ልጆችና ሽማግሌዎች የተስማሙበትን ነበር የሚፈልጉት። ጥሩንባውን ጻፍኩ፤ ከሥሩ እናንተን አደረግሁ።

ገጹን አልቀደድኩትም፤ ይኸው። በቀይ ያሰመርኩበት እኔ ነኝ። ይህ ከወጣ ሥራዬን አጣለሁ፤ ከወንድሜም እቆራረጣለሁ። ሥጋሽ ነኝ፤ አደራ።

ይሄነው


ዘንገና፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ይሄነው፤

የደብዳቤ ወጉ በሰላምታ መጀመር ነው። ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ደብዳቤዎን አላቃጠልኩትም። መጀመሪያ ለቤዛዊት አነበብኩላት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዕድሩ ሲሰበሰብ አባቴ ተነሥቶ «የእኔን ተራ ለልጄ ሰጥቻለሁ» አለ። ሰባተኛውን ገጽ አነበብኩ። ቀጥዬ የእርስዎን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አማርኛ ለማይሰሙት ቤዛዊት በአገውኛ መለሰችው፤ እናቷን የገደለውን ቃል በራሷ አፍ መለሰችው። አደራ በልቻለሁ። ከማን እንደተማርኩት ያውቃሉ።

ሁሉም ጋሽ ክንዴን አየ። እሳቸውም ተነሡ። «ብዬዋለሁ፤ አልክድም» አሉ። «ከፍቶኝ ተናገርኩ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። እሱ ተምሮ ምን ነክቶት ሰማኝ? ፈረሴን የሸጥኩት እኔ የማላውቀውን እንዲያውቅልኝ አልነበረም?» ከዚያ ተቀመጡና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ እሳቸውን እጠላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ አልሆነልኝም። እርስዎን ግን እየወደድኩዎት ስለኖርኩ መጥላቱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት።

ዕድሩ ወስኗል። ጥሩንባ ለሞት ብቻ ይነፋል። ለውሃ ቸርኬው ይመታል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም እንደገና ለተከፈተው ክበባችን ተሰጥቷል። መሰብሰቢያው ከጋሽ ክንዴ ደጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ተዛውሯል። ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ ቤዛዊት ቸርኬውን መታችው። አርባ ሦስቱም ቤት ወደ ላይ ወጣ። ጋሽ ክንዴ በመጨረሻ መጡ፤ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጃቸውን ይዟቸው ነበር።

እኛም ጥፋት አለብን። ገጹን እንደገና ስናነብ ልጅ የመደብነው ለደካሞች ብቻ ሆኖ አገኘነው። ለእንቁ ማንንም አልመደብንም፤ ጎበዝ ናት፣ ራሷን ትችላለች ብለን። ይህን ጥፋታችንን ጽፈን ሠላሳ ሁለታችንም ፈርመናል፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ይላካል።

የእርስዎ ፊርማ ይጎድላል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ንጹሕ ወረቀት ልኬልዎታለሁ። ከታች ብቻ ይፈርሙበት። ከላይ ያለውን እኛ እንሞላዋለን።

እመቤት እንግዳው